አባቴ ቺሪኖና የተራራዋ እሁዶች

አባቴ ቺሪኖ ስኩዴሪ ዓሣ ጫኝ ነበር እንጂ ዓሣ አጥማጅ አልነበረም። ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ባሕር ዳር አርጅቶ፣ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። "ባሕር የዓሣ ነው፤ እኔ ሳንባ ነው የተሰጠኝ" ይል ነበር። ጎህ ሲቀድ ከወደቡ ዓሣ ይረከባል፣ የተፈጨ በረዶ ያለብሰዋል፣ ከዚያ ከከተማችን ከካታኒያ ወጥቶ በሜዳው ላይ ወዳሉት ትንንሽ ከተሞች ያደርሳል። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ የእጁ ቆዳ በጨውና በበረዶ ተሰነጣጥቆ ነበርና እናታችን ቬኔራ በረንዳ ላይ አስቀምጣ የወይራ ዘይት ትቀባው ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው። መሐረቡን አራቱን ጫፍ ቋጥሮ እንደ ቆብ ራሱ ላይ ያደርጋል። የሚዘፍነው መኪና ሲነዳ ብቻ ነው፤ ያውም ዜማውን አጣሞ።

የምንኖረው ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ስምንት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። የከተማችን መንገድና ግድግዳ ከበላያችን ካለችው የእሳተ ገሞራ ተራራ በወረደ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። በበጋ ያ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ ይተፋዋል። ሺሮኮ የምንለው ትኩስ ነፋስ ከባሕሩ ማዶ ሲነሣ ደግሞ የበር እጀታ እንኳ ያቃጥላል። ሴቶቹ አንሶላ ነክረው መስኮት ላይ ይሰቅላሉ፤ አንሶላው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ካርቶን ደርቆ ይቆማል።

ይህ ሙቀት ለሁላችንም ክፉ ነበር፤ ለታናሽ እህቴ ለሳሪና ግን የባሰ ነበር። በዚያ በምነግራችሁ በጋ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ፣ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ነበርኩ። ሳሪና አስም ነበረባት። በጋ ከገባ ተጋድማ መተኛት አትችልም፤ ትራስ አቅፋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ትንፋሿን ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እንደሚስብ ሰው እየጎተተች ታነጋለች። ጠዋት ከዓይኗ ሥር የጠቆረውን ሳይ እኔ ተኝቼ ማደሬ ያሳፍረኝ ነበር።

ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ "ይህች ልጅ በጋውን ተራራ ላይ ብትከርም ይሻላታል" አለ። ሀብታሞች እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ቤት ተከራይተው ከነሠራተኛቸው ይወጣሉ።

አባቴ ኮፍያውን በጣቶቹ እያዞረ፣ "ስንት ጊዜ ይበቃታል ዶክተር?" አለ።

"ሦስት ወር።"

"በአንድ ላይ ነው፣ ወይስ ተከፋፍሎም ይሆናል?"

ሐኪሙ ሳቀ። አባቴ ግን አልቀለደም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሦስቱን ወር እሁድ በእሁድ ይሰጣት ጀመር።

የምንወጣባት መኪና የአባቴ አልነበረችም። የዶን ያኖ ነበረች። ዶን ያኖ ከኛ በር ፊት ለፊት፣ ግቢውን ተሻግሮ፣ ከባለቤታቸው ከዶና ሚካ ጋር ይኖሩ ነበር። ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ አንድ ቀን የጥቁር ድንጋይ ፍንጣሪ ግራ ዓይናቸውን ወሰደው። በተሰጣቸው ካሳ ከጦርነቱ የተረፈች ትንሽ የጭነት መኪና ገዙ። መንዳት ግን አልተፈቀደላቸውም። አባቴ ደግሞ ወታደር ቤት መንዳት ተምሯል፣ መኪና የለውም። ስለዚህ መኪናዋ የእሳቸው፣ መሪው የእሱ ሆኖ አብረው ይሠሩ ነበር። ጥቁር ቀለም ስለተቀባችና ዳገት ላይ ስለምታቃስት ግቢው በሙሉ "ባልቴቷ" ይላታል።

ዶን ያኖና ዶና ሚካ ልጅ አልነበራቸውም። ሳሪናን ክርስትና ያነሷት እነሱ ናቸው። እኛ ዘንድ አበልጅነት ቀላል ነገር አይደለም። "መሐላችን ቅዱስ ዮሐንስ አለ" ይባላል፤ መጥምቁ ማለት ነው። ወንድም ከወንድሙ ይካሰሳል፣ አበልጅ ግን አበልጁን ክፉ ቃል አይናገረውም፤ የተናገረ እንደሆነ ቅዱሱ ምላሱን ያስረዋል ይላሉ። አባቴና ዶን ያኖ በአንዲት ጠባብ ጋቢና ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው እየዋሉ፣ አንድ ቀን እንኳ "አንተ" ተባብለው አያውቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ባልቴቷ ትታጠባለች። አባቴ የጭነት ቦታውን በአመድ ያሻል፣ ዶን ያኖ ለሁለት በተቆረጠ ሎሚ ይከተላሉ፣ እኔና ሳሪና በባልዲ ውሃ እንደፋለን። ሲያልቅ አባቴ ጎንበስ ብሎ ያሸታል።

"አሁን ዓሣ አይሸትም" ይላል።

"አይሸትም" ይላሉ ዶን ያኖ። "አሁን የሚሸተው ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ ነው።"

እሁድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወጥ ቤት ወንበሮቻችን ተጭነው በገመድ ይታሰራሉ። እናቴ ፓስታውን በእንፋሎቱ እንዳለ በብርድ ልብስ ጠቅልላ እግሯ ሥር ታስቀምጣለች። ዶና ሚካ ሐብሐቡን እንደ ሕፃን ያቅፉታል። መንደሮቹን ስናልፍ ልጆች ከአጥር ላይ ሆነው፣ "ሳርዲኖቹ መጡ! በረዶ አምጡላቸው!" እያሉ ይጮሁብናል። እኔ አፍሬ ፊቴን በመሐረቤ እሸፍናለሁ። ዶና ሚካ ግን ብድግ ብለው፣ "በረዶውን ምላስህ ላይ አድርገው፣ እዚያ ነው የሚሸተው!" ይሉ ነበር።

ከሦስተኛው መንደር በኋላ አንድ ኩርባ አለ። እዚያ ድረስ አየሩ የከተማው አየር ነው። አባቴ መኪናዋን ቀስ ያደርግና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "አሁን!" ይላል። ሁላችንም በአንድ ላይ አየር ወደ ውስጥ እንስባለን። ጥድ ጥድ፣ ጤዛ ጤዛ የሚል አየር ነበር። ሳሪና ትንፋሿን ይዛ ጉንጮቿን እንደ ፊኛ ነፍታ ትቆያለች፤ ወደ ቤት ይዛ ልትሄድ ነበር የምታስበው።

ማረፊያችን ፍሬው በእሾህ የተሸፈነ አንድ ትልቅ የካስታኞ ዛፍ ሥር ነበር። ሐብሐቡ በቅርጫት ተደርጎ የአንድ ገበሬ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። እናቴ ብርድ ልብስ ታነጥፋለች፤ ሳሪና በጀርባዋ ትጋደማለች። እግሯን ዘርግታ፣ እጆቿን ጥላ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ። አባቴ አንድ ጎኗ፣ ዶን ያኖ ሌላ ጎኗ ይቀመጡና ቅጠል ይዘው ዝንብ ያባርሩላታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያቺ ልጅ ደህና አድርጋ የምትተኛው እዚያች ቦታ፣ እሁድ እሁድ ብቻ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው አንዲት እሁድ ስትጎድል ያን ያህል የሚከፋን።

አባቴና ዶን ያኖ የተጣሉት በጁላይ ሃያ ሦስት ነው።

ያን ቀን ጠዋት ወንበሮቹን ስንጭን ዶን ያኖ፣ "አበልጅ፣ የራዲያተሩን ውሃ አይተዋል?" አሉ።

"አይቻለሁ" አለ አባቴ ገመዱን እየሳበ።

"ሞልተዋል?"

"ሞልቻለሁ።"

እኔ ወንበር ተሸክሜ ሳልፍ አባቴ የቀዳው ባልዲ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ አንዲት የሎሚ ቅጠል ተንሳፋበታለች። በሌላ ባልዲ ሞልቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝም ማለት ይቀናኛል።

ሁለተኛው መንደር አደባባይ ላይ ስንደርስ ባልቴቷ ከአፍንጫዋ እንፋሎት ትተፋ ጀመር። ሰው ከቅዳሴ እየወጣ ነበር፤ ካፌው በር ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ወንዶች ተቀምጠዋል። አንዱ፣ "ፓስታውን እዚሁ ቀቅሉት፣ ውሃው ፈልቷል!" አለ። ሳቅ ሆነ። ዶን ያኖ ወርደው፣ በጨርቅ ይዘው ክዳኑን ከፈቱና አዩ።

"ደረቅ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ውሃ አልነበረውም አበልጅ።"

"ነበረው! መንገድ ላይ አፍስሳው ነው።"

"ቢፈስ ኖሮ ከታች…"

አባቴ ጆሮዎቹ ቲማቲም መሰሉ። "በግማሽ ዓይኑ መንገድ የሚያይ ሰው" አለ ጮክ ብሎ፣ "ስለ መንገድ ባያስተምረኝ ደስ ይለኛል!"

ከካፌው አንድ ሰው ሳቀ። አንድ ብቻ። ዶን ያኖ አልተቆጡም። በጣታቸው የግራ ዓይናቸውን ቆብ ነካ አደረጉት፤ ዝንብ ያረፈበት ይመስል። ከዚያ የልጆቹን የመጠጥ ውሃ ወስደው ራዲያተሩ ውስጥ ጨመሩ፤ ከሳቁብን ሰዎች ውሃ የለመነ የለም፤ ያለን ለዳገቱ ስለማይበቃ ፊታችንን አዙረን ወረድን። ሳሪና ኩርባዋ ጋ አልደረሰችም።

ግቢ ስንገባ ዶን ያኖ ቁልፉን ከመኪናዋ ላይ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

"ፒና ልጄ" አሉኝ፣ "ለአባትሽ ንገሪልኝ። ባልቴቷ ሳምንቱን ሙሉ ትሠራለች፤ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ታርፋለች።"

አባቴ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። "ፒና" አለ፣ "ለአበልጄ ንገሪልኝ። መኪናዋ የእሳቸው ናት፤ እንደ ፈቃዳቸው።"

እኔ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ ዞሬ፣ ወንበሬን ተሸክሜ ገባሁ።

ሥራው አልቆመም፤ ዓሣ ጠብ አያውቅም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንደ ድሮው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። ክፉ እንዳይናገሩ ቅዱስ ዮሐንስ አለ፤ ደግ እንዳይናገሩ ልባቸው ዘግቷል። ሰው ሲኖር በሰው በኩል ይነጋገራሉ። ሰው ሲጠፋ ዶን ያኖ፣ "ባልቴቷ፣ እዚህ ጋ መታጠፍ ነበረብን መሰለኝ" ይላሉ። አባቴ ደግሞ፣ "ባልቴቷ፣ ለጌታሽ ንገሪያቸው፤ አውቄ ነው" ይላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህንን ሲያወራልን እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። ያኔ ግን የሚስቅ አልነበረም።

የመጀመሪያውን እሁድ አባቴ ባሕር እንሂድ አለ። ከዚያ በፊት ብሎት አያውቅም። ትሮሊባስ ተሳፍረን አሸዋው ጋ ደረስን። አባቴ በጫማው፣ በካልሲው፣ በቋጠረው መሐረቡ ጃንጥላ ይዞ ሳሪና አናት ላይ ቆመ። የባሕሩ ወበቅ ደረቷን ያዘው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ተመለስን፤ ፓስታውን ቤታችን መስኮት ዘግተን በላነው።

ሁለተኛውን እሁድ በተራራዋ ዙሪያ በምትዞረው ትንሽ ባቡር ሄድን። አንዲት አሮጊት ንፋስ ይመታኛል ብለው መስኮቱን አዘጉት። የወረድንበት ጣቢያ ጥላ የሚባል የለውም፤ ጫካው የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረዋል። አባቴ ሳሪናን በጀርባው አዘለ፣ እናቴ ትሪውን በራሷ ተሸከመች፣ እኔ የውሃ ጠርሙሶቹን ያዝኩ። አንድ የወይን ማሳ ዳር ስንደርስ አየሩ ትንሽ ለሰስ አለ። ሳሪና ተጋደመች፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ተኛች። አባቴ የኪስ ሰዓቱን እያየ፣ እያየ፣ በመጨረሻ "ባቡሩ ያመልጠናል" ብሎ ቀሰቀሳት። ስትነቃ ያየችበትን አስተያየት አልረሳውም። ሳሪና ዛሬ በሰሜን፣ በረዶ በሚጥልበት ከተማ የልጅ ልጆች አሏት፤ ደረቷም ከአሥራ አምስት ዓመቷ በኋላ ተሽሏታል። ስለዚያች የወይን ማሳ ብጠይቃት አታስታውስም። አባቴ ግን እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ፣ "እንዴት ቀሰቀስኳት!" ይል ነበር።

ሦስተኛውን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት፤ እምነበረዱ ይቀዘቅዛልና። ሳሪና አግዳሚው ላይ ጋደም አለች። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ቁልፎቹን እያንቃጨለ መጣና፣ "ይህ እኮ ሆቴል አይደለም!" አለ።

"ሆቴል ቢሆንማ መች እንገባ ነበር" አለው አባቴ፤ ያም ሆኖ ወጣን።

በእነዚያ ሳምንታት ዶና ሚካ በየቀኑ ይመጡ ነበር። የወንዶቹ ጠብ የወንዶቹ ነው፤ አበልጆቹ ሴቶች አልተጣሉም። ለሳሪና ኮክ ልጠው በትንንሹ ቆርጠው ያመጡላታል። አንድ ቀን ለእናቴ፣ "ያኖ እሁድ እሁድ ግድግዳ ሲያይ ይውላል" ሲሏት ሰማሁ። "ዝንብ የሚያባርርበት ቅጠል እንኳ ሳይጥል አስቀምጦታል። ብናገረው 'እኔ ምን አጠፋሁ' ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ምን አጠፋ?"

እሳቸው ሲወጡ እኔ ወደ እናቴ ጠጋ ብዬ የባልዲውን ነገር ነገርኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላስተኛኝም ነበር።

እናቴ ደበርጃን እየቆረጠች ነበር። ቢላዋዋን አላቆመችም። "አውቃለሁ" አለች።

"አይተሽዋል?"

"ባልዲውን አላየሁም። ባሌን ግን አውቀዋለሁ። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪውም?"

"እኔ ብነግረው ከእኔ ጋር ነው የሚታረቀው። መታረቅ ያለበት ግን ከእኔ ጋር አይደለም።"

ያ ቀን ኦገስት አሥራ አራት፣ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ዋዜማ ነበር። በማግስቱ ካታኒያ ውስጥ ድመት እንኳ አይቀርም፤ የቻለ ሁሉ ወደ ተራራዋ ይወጣል። እናቴ ደበርጃኑን ጠበሰች፣ ሳልሳውን አበሰለች፣ ፎርማጆውን ፈቀፈቀች፣ ትልቁን ትሪ አወጣች። አባቴ ከሥራ ሲገባ ትሪውን አየ።

"ይህ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለስድስት ሰው።"

"እኛ አራት ነን።"

"እኔ የፍልሰታን ፓስታ ለአራት ሰው መሥራት አልችልበትም" አለች። "ልኬቱን አላውቀውም።"

ሳሪና መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከናፍሯ ገርጥቷል፣ ትከሻዋ በየትንፋሹ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። ሺሮኮው አቧራ አምጥቶ ተራራዋን ሸፍኗት ነበር፤ በዚያ በኩል ግራጫ ሰማይ እንጂ ምንም አይታይም። ሳሪና ወደዚያው እያየች፣ በአንድ ቃልና በሌላው መሐል እያረፈች፣

"አባዬ… እሁድ… አለቀ እንዴ?" አለችው።

አባቴ ሄዶ ፊቱን ታጠበ። ጸጉሩን አበጠረ። በዚያ ሙቀት የሠርጉን ጥቁር ኮት ከሳጥን አውጥቶ ለበሰ፣ እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆለፈ፣ ደረጃውን ወረደ። እኔና እናቴ በረንዳ ላይ ወጣን።

አመሻሽ ነበር፤ ስምንቱም ቤተሰብ ወንበሩን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ዶን ያኖ በራቸው ላይ የዓሣ ቅርጫት እጀታ ይጠግናሉ። ዶና ሚካ በማራገቢያ አንገታቸውን ያራግባሉ። አባቴ ግቢው መሐል ሲደርስ አንዱ ጎረቤት፣ "ዶን ቺሪኖ፣ ካፖርቱንስ ረሱት?" አለና ሰው ሳቀ።

አባቴ ዞር አላለም። "አበልጅ" አለ።

ዶን ያኖ ቀና ሳይሉ፣ "ሚካ፣ አበልጄ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂልኝ" አሉ።

"እኔ የማንም አስተርጓሚ አይደለሁም!" አሉ ዶና ሚካ። "ሁለታችሁም የምትናገሩት አንድ ቋንቋ ነው፤ እሱንም እየደጋገማችሁ።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ያኔ ሰው እየሰማ ነው የተናገርኩት፤ አሁንም ሰው ይስማ" አለ። "ያን ቀን ጠዋት ራዲያተሩን አልሞላሁም። ባልዲውን ቀድቼ እዚያ ግድግዳ ሥር ረሳሁት። አበልጄ ሲጠይቁኝ ሞልቻለሁ አልኩ። ዋሸሁ። ዳገት መሐል እንደረሳሁት ትዝ አለኝ፤ ማቆም ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በአንድ ዓይን የታየው ነገር ለእኔ በሁለት ዓይን አልታየኝም።"

የአንድ ሕፃን ማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ዶን ያኖ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡ። "ባልዲው ውስጥ ቅጠል ነበር" አሉ። "የሎሚ ቅጠል።"

አባቴ ደነገጠ። "አይተውት ነበር?"

"ወንበር ስጭን አየሁት።"

"ታዲያ… ለምን አልነገሩኝም?"

"ሞልቻለሁ አሉኝ እኮ! ምን ልበል? ልጁን ክርስትና ያስነሣኝን ሰው፣ አበልጄን፣ በልጆቹ ፊት 'ውሸትዎን ነው' ልበል? መሐላችን ቅዱስ ዮሐንስ አለ።" ዶን ያኖ ድምፃቸው ተሰበረ። "አፌን ይዤ ተሳፈርኩ። ትፈላለች እያልኩ፣ አሁን ትፈላለች እያልኩ። አንድ ቃል ብተነፍስ ልጅቷ ተራራዋ ላይ ትደርስ ነበር። መንገድ ላይ ያስቀረኋት እኔም ነኝ። ቁልፉን የወሰድኩት በእርስዎ ብቻ ተናድጄ መሰለዎት? በራሴም ነው።"

ዶና ሚካ ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። "እመቤቴ ማርያም!" አሉ። "አንዱ እንዳይዋረድ ዋሸ፣ አንዱ እንዳያዋርድ ዝም አለ፣ ልጅቷ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብላ አደረች! እናንተን ክርስትና ማንሣት ነበር እንጂ እሷን!"

ከላይ እስከ ታች ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሁለቱ ግን አልሳቁም። አባቴ ላቡ በኮቱ አንገት እየገባ ቆሟል። ዶን ያኖ ተነሥተው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉና፣

"ይህን ኮት ያውልቁ፣ ይሞታሉ" አሉት። ቆየት ብለውም፣ "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ራዲያተሩን ሁለቱም ሞሉት። አባቴ ሞልቶ ሲጨርስ ዶን ያኖ ሌላ ባልዲ አምጥተው ደፉበት፤ ውሃው ግቢውን አቋርጦ እስከ ውጭው በር ወረደ። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ጋሪው፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ጣሪያው ላይ ፍራሽ የተጫነበት መኪና፣ ሁሉም ወደ ላይ። "ሳርዲኖቹ መጡ!" ሲሉን እኔ እንኳ ያን ቀን አላፈርኩም። ኩርባው ጋ አባቴ "አሁን!" ሲል ሳሪና ትንፋሿን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም፣ አሳላት። እናቴ ጉልበቷ ላይ አስተኛቻት።

ካስታኞው ሥር ብርድ ልብሱ ሳይነጠፍ እንቅልፍ ወሰዳት።

የፍልሰታ ዕለት በዛፉ ዙሪያ ያለው ሜዳ ገበያ ነው። አኮርዲዮን አለ፣ ኳስ አለ፣ ባሏ ወይን ጠጅ ያፈሰሰባት ሴት ትጮሃለች። ዶና ሚካ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ እየዞሩ፣ "እባካችሁ፣ ልጅ ተኝታለች" ይላሉ።

"የማን ልጅ?" አለቻቸው አንዲት ሴት ቆጣ ብላ።

"የእኛ" አሉ።

አኮርዲዮን ተጫዋቹ ራሱ መጥቶ ተመለከታትና ጓደኞቹን ይዞ ሜዳው ዳር ወዳለ የወይን ማሳ ራቀ። ፓስታው ተበላ፤ የሳሪና ድርሻ በሳህን ተከድኖ ተቀመጠ። ሐብሐቡ ከጉድጓዱ ወጣ፤ ዶን ያኖ ድምፅ እንዳያሰማ ራቅ ብለው ሄደው ቆረጡት። ሁለቱ ሰዎች እንደ ድሮው ግራና ቀኟ ተቀምጠው ዝንብ ያባርራሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሰው ዕቃውን መጫን ጀመረ። ሳሪና አልነቃችም።

"መሄድ አለብን" አለ አባቴ በሹክሹክታ። "እርስዎ ይቀስቅሷት፤ የክርስትና አባቷ ነዎት።"

"እርስዎ ይቀስቅሷት፤ አባቷ ነዎት።"

"እኔ አንድ ጊዜ ቀስቅሻታለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።"

"እኔም አላደርገውም።"

እናቴና ዶና ሚካ ተያዩ። ሜዳው ባዶ እስኪሆን ድረስ ተቀመጥን። በመጨረሻ ዶን ያኖ ከነብርድ ልብሱ አነሧትና ጋቢናው ውስጥ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት፤ አባቴ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ገፋ አድርጎ ዘጋው። ቁልቁለቱን በእግረኛ ፍጥነት ወረድን። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና መብራቱን ያበራል፣ ጥሩምባውን ይነፋል። አንዱ አጠገባችን ደርሶ፣ "ሬሳ ነው እንዴ የጫናችሁት?" አለ። አባቴ አንገቱን አውጥቶ፣ "እንቅልፍ ነው የጫንነው! ዝም ብለህ እለፍ!" አለው። እሱንም ያለው ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

ግቢያችን ስንደርስ አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ማንም ከጋቢናው አልወረደም። ጎረቤቶቻችን ከኛ ቀድመው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ገና ሲያዩን ጸጥ አሉ። እኔና እናቴ የወጥ ቤቱን ወንበሮች አንድ በአንድ፣ በእግራችን ጣት እየሄድን አወረድናቸው። ሙቀቱ እንዳለ ነበር፤ ድንጋዩ ፀሐዩን ይተፋል።

ዶና ሚካ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ "ክንድህ አልደነዘዘም?" አሉ።

"ከሁለተኛው መንደር ጀምሮ አላውቀውም" አሉ ዶን ያኖ።

"እንቀበልዎት አበልጅ?" አለ አባቴ።

"ይተዉኝ። ደህና ነኝ።"

አባቴም እጁን ከመሪው አላነሣም። የባልቴቷ ሞተር እየቀዘቀዘ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እኔ ወንበር እንደያዝኩ ቆሜ በመስኮቱ አየሁ። ሳሪና አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች፣ ተኝታ ነበር።